አስመሳዩ ማን ነው?

ስለ መሸሸግና ስለ መመርመር ጨዋታ የተጻፈ ትምህርት

ተወዳጅ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት በቤትህ ወይም በጎረቤትህ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ይሆናል። አሥር ወጣቶች እያንዳንዳቸው ስልካቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ድንገትም አንዱ ይጮኻል፥ ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ይጀምራሉ። አንዱ፦ «አንተ ነህ፤ ከሬሳው አጠገብ አይቼሃለሁ» ይላል። ሁለተኛው፦ «እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ትሙት» ብሎ ይምላል። ጥቂት ተከራክረውም በድምፅ ብልጫ ያስወጡታል፤ የወጣው ግን ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ይስቃሉ፥ እንደ ገናም ይጀምራሉ።

ይህን አይቶ የሚቈጣ አባት አለ፤ ምንም ሳይመረምር የሚያልፍም አለ። ነገር ግን ሰው አንድን ነገር ከመንቀፉም ከማመስገኑም በፊት ስለ ምን ልብን እንደሚስብ ሊያውቅ ይገባዋል። ስለዚህ ነገሩን በየተራው እንመልከት። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

1ኛ። የጨዋታው መነሻ

ይህ ዓይነት ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ከመግባቱ አስቀድሞ በአፍ ብቻ የሚጫወቱት ነበረ። በ1986 ገደማ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተማሪ የነበረ ዲሚትሪ ዳቪዶፍ የሚባል ሰው «ማፊያ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ለዚህ ጨዋታ ሰሌዳም ጠጠርም አያስፈልግም፤ ሰዎች ብቻ ይበቃሉ። ከተጫዋቾቹ ጥቂቶቹ በስውር ወንበዴዎች ይሆናሉ፥ እርስ በርሳቸውም ይተዋወቃሉ። የቀሩት ግን እያንዳንዱ ከራሱ በቀር የማንንም ማንነት አያውቅም። ሌሊት ነው በተባለ ጊዜ ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል፥ ወንበዴዎቹም አንዱን መርጠው ይገድላሉ። ቀን ነው በተባለ ጊዜ ሕዝቡ ይከራከራል፥ የጠረጠረውንም በድምፅ ያስወግዳል።

በ1997 አንድሩ ፕሎትኪን የሚባል አሜሪካዊ በወንበዴዎቹ ፈንታ ቀን ሰው ሌሊት ተኵላ የሚሆኑትን አገባ። ሥርዓቱ ያው ነበረ፤ ስሙና መልኩ ብቻ ተለወጠ። ከዚያም ጨዋታው ወደ ኮምፒዩተር ገባ፤ በ2014 «ታውን ኦፍ ሴሌም» የተባለው ወጣ፥ ከእርሱም በኋላ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው «አማንግ አስ» መጣ። ትርጓሜውም «በመካከላችን» ማለት ነው።

2ኛ። የጨዋታው ሥርዓት

«አማንግ አስ» ኢነርስሎት በሚባል ትንሽ የአሜሪካ ድርጅት ተሠርቶ በ2018 ወጣ። ተጫዋቾቹ በጠፈር የምትጓዝ መርከብ ሠራተኞች ናቸው። በመጀመሪያ ከ4 እስከ 10 ሰዎች ይጫወቱት ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ እስከ 15 ሊሆኑ ይችላሉ። ከእነርሱም አንዱ፥ ወይም ሁለቱ፥ ወይም ሦስቱ አስመሳዮች ናቸው።

ሠራተኞቹ ለየራሳቸው የተሰጠ ሥራ አላቸው፤ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላሉ፥ ቆሻሻ ይጥላሉ፥ መታወቂያቸውን በመሣሪያ ላይ ያሳልፋሉ። አስመሳዩ ሥራ የሚሠራ እየመሰለ ይዞራል፥ ብቻውን ያገኘውንም ይገድላል፤ መርከቢቱንም ያበላሻል፥ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ገብቶም በሌላ ክፍል ይወጣል። ሬሳ ያገኘ ሰው ደወል ይደውላል፥ ያን ጊዜም ጉባኤ ይሆናል። ሰዓቱ ሳያልቅ ተነጋግረው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ብዙ ድምፅ የወጣበትም ወደ ጠፈር ይጣላል። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሁሉ ቢፈጽሙ ወይም አስመሳዮቹን ሁሉ ቢያስወጡ ያሸንፋሉ፤ አስመሳዮቹ ግን በቍጥር ከሠራተኞቹ ጋር ከተካከሉ ድሉ የእነርሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። የሞተው ሰው መንፈስ ሆኖ ይዞራል፥ ሁሉንም ያያል፥ የቀረውን ሥራም ሊፈጽም ይችላል፤ ለሕያዋን ግን አንዲት ቃል ስንኳ ሊነግራቸው አይፈቀድለትም። ይህን ወደ ፊት እንመለስበታለን።

3ኛ። ስለ ምን ልብን ይስባል?

የመጀመሪያው ምክንያት እውቀት እኩል አለመከፈሉ ነው። ጥቂቶች ሁሉን ያውቃሉ፤ ብዙዎች ምንም አያውቁም። የጥቂቶቹ ኃይል እውቀታቸው ነው፥ የብዙዎቹ ኃይል ቍጥራቸው ነው። ብራቨርማን፥ ኤተሳሚና ሞሰል የሚባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህን በሒሳብ መርምረው በ2008 ጽፈዋል። እንዳሉትም ሕዝቡ መቶ እጥፍ ቢበዛ፥ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ወንበዴዎቹ አሥር እጥፍ መብዛት ይበቃቸዋል። ነገር ግን እውነቱን በስውር መርምሮ የሚያውቅ አንድ መርማሪ ብቻ በሕዝቡ መካከል ቢገኝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ ሕዝቡ መቶ እጥፍ ቢሆን ወንበዴዎቹም መቶ እጥፍ ሊሆኑ ያስፈልጋቸዋል። አንድ የሚመረምር ሰው ለብዙ ሰው ምን ያህል ጋሻ እንደሚሆን ከዚህ ተመልከት።

ሁለተኛው ምክንያት ጨዋታው የጣት ፍጥነትን ብዙ አለመፈለጉ ነው። በሌላው የቪዲዮ ጨዋታ ብዙ ዓመት የተለማመደው ጀማሪውን ያሸንፋል። በዚህ ግን የሚያስፈልገው ዓይንና አንደበት ነው፤ ከዚህ ቀደም ተጫውታ የማታውቅ እኅት አዋቂ ነኝ የሚለውን ወንድሟን ልታታልለው ትችላለች።

ሦስተኛው ምክንያት በሌላ ጊዜ የማይፈቀደው በዚህ መፈቀዱ ነው። በአገራችን ታናሽ ታላቁን «ውሸትህን ነው» ቢለው ነውር ነው፤ በጨዋታው ግን ታናሹ ታላቅ ወንድሙን አቁሞ «የት ነበርህ? ማን አየህ?» እያለ ይጠይቀዋል፥ ታላቁም መመለስ ግድ ይሆንበታል። ቀድሞ ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። በእውነተኛው አውጫጭኝ ፍርሃት አለ፤ በጨዋታው ያው ክርክር ያለ ቅጣት ይገኛል። ደስታውም ከዚህ ይመጣል።

አራተኛው ምክንያት የሰው ናፍቆት ነው። «አማንግ አስ» ከወጣ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ብዙ ሰው አላወቀውም ነበር። በ2020 ግን የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሰው በየቤቱ ተዘጋ፤ ጨዋታቸውን በኢንተርኔት ለተመልካች የሚያሳዩ ሰዎችም ይህን ያዙ፥ በጥቂት ጊዜም በዓለም ሁሉ ተሰማ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአሜሪካ ምክር ቤት አባል አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ወጣቶች ለምርጫ እንዲወጡ ለመምከር ይህን ጨዋታ ስትጫወት ባንድ ጊዜ ከ400,000 በላይ ሰዎች ተመለከቷት። ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚከሰውና የሚሟገትለት ወዳጅ በማግኘቱ ደስ ቢለው አያስደንቅም።

4ኛ። ስለ ፍርዳችን ምን ያስተምረናል?

አንባቢ ሆይ፥ «እኔ ውሸታምን ከዓይኑ አውቃለሁ» የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህን? ምናልባት አንተም ብለህ ይሆናል። ቦንድና ዴፓውሎ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በዚህ ነገር የተጻፉ 206 ጽሑፎችን ሰብስበው በ2006 አስታወቁ፤ የተፈተኑትም ፈራጆች ከ24,000 በላይ ነበሩ። እነዚህ ሁሉ እውነትንና ሐሰትን ሲለዩ ከመቶ 54 ያህል ጊዜ ብቻ ልክ ነበሩ። ሳንቲም ወርውሮ በዕድል የሚፈርድ ሰው ከመቶ 50 ያገኛል። እንግዲህ የምንመካበት የዓይናችን ጥበብ ከሳንቲሙ የሚበልጠው እጅግ በጥቂቱ ነው።

ጨዋታው ይህን በግልጥ ያሳያል። ዝምተኛው «ስለ ምን ዝም አለ?» ተብሎ ይወጣል። የሚንተባተበው «ፈርቶአል» ተብሎ ይወጣል። አንደበተ ርቱዕ የሆነው አስመሳይ ግን አስቀድሞ ሌላውን ይከሳል፥ እርሱም ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ድምፅ ይሰጣል። ንጹሑ ከወጣ በኋላ ነው ሁሉም እጁን በአፉ ላይ የሚጭነው።

በጨዋታ ይህ ሳቅ ነው፤ በኑሮ ግን ልቅሶ ነው። ቀን ሰው ሌሊት አውሬ የሚሆን ፍጥረት ተረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያሉ ብዙ ዘመን ሲያሙአቸውና ሲያርቁአቸው ኖረዋል። ማረሻችንን የሠራልንን፥ ምጣዳችንን የሠራችልንን ሰው ያለ አንዳች ምስክር ከማኅበራችን አስወጣነው። ያን ጊዜ ጨዋታው አልቆ የሁሉም ማንነት የሚገለጥበት ሰዓት አልነበረም፤ ስለዚህ ከሳሹ አላፈረም፥ የተከሰሰውም ነውሩን ለልጆቹ አወረሰ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በጨዋታው ጉባኤ ሰዓቱ ስለሚቸኩል ንጋቱን መጠበቅ አይቻልም። በኑሮ ግን የሚያስቸኩልህ ማን ነው? ስለ ባልንጀራህ ክፉ ወሬ በሰማህ ጊዜ እደር፥ ጠይቅ፥ መርምር።

5ኛ። «ሐሰት መለማመድ አይደለምን?» ለሚሉ

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ሐሰት ማለት እውነትን ከእኛ ሊሰማ የሚገባውን ሰው ማሳሳት ነው። እዚህ ግን ሁሉም አስቀድመው «ከእኛ አንዱ ይሸሸጋል፥ እኛም እንፈልገዋለን» ብለው ተስማምተዋል። እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ልጅ መልሱን ቢሸሽግ ውሸታም አይባልም።

ይልቁንም ይህን አስብ። አስቀድመን ያነሣነው የሞተ ተጫዋች ከወዳጁ አጠገብ ተቀምጦ «የገደለኝ እገሌ ነው» ብሎ ቢያንሾካሹክ የተናገረው እውነት ነው፤ ዳሩ ግን አታላዩ እርሱ ነው፥ ቃል ኪዳኑን አፍርሶአልና። አስመሳዩ «እኔ አይደለሁም» ቢል ግን ማንንም አልበደለም። እንግዲህ መታመን ማለት ሰዎች በእኛ ላይ የጣሉትን ተስፋ መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ሦስት ድንበር ጠብቅ። መጀመሪያ፥ በጨዋታ አትማል። «እናቴ ትሙት» ማለት ከጨዋታው ውጭ ያለ ቃል ነው፤ ዛሬ ለሳቅ የማልክ እንደ ሆነ ነገ ለእውነት ስትምል ማን ያምንሃል? ሁለተኛ፥ «ወዳጅነታችን እንዲህ ነውን?» እያልህ የወዳጅህን ልብ መሣሪያ አታድርግ። ሦስተኛ፥ ጨዋታው ሲያልቅ ይለቅ፤ ያታለለህን አመስግነው፥ በከንቱ ያስወጣኸውንም ይቅርታ ጠይቀው፥ ቂምም ጥርጣሬም ወደ ቤትህ ይዘህ አትግባ።

ለመመርመሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1። በጨዋታው የጥቂቶቹ ኃይል ምንድር ነው? የብዙዎቹስ?
2። አንድ መርማሪ መጨመሩ ሚዛኑን እንዴት ይለውጠዋል?
3። እውነት የተናገረው ሙት ስለ ምን አታላይ ተባለ?
4። ዝም በማለቱ ብቻ የጠረጠርኸው ሰው በመሥሪያ ቤትህ ወይም በትምህርት ቤትህ አለን? ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው አትመልስ፤ ለራስህ መልስ፥ ከዚያም ሄደህ ሰላም በለው።