ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ጨጓራና ለመጥባት የሚደርስበት ጊዜ
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ የጤና ትምህርት

የእርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ የሚወለድ ሕፃን ያለ ጊዜው የተወለደ ይባላል። እንዲህ ያለው ሕፃን ጡት ሲሰጡት ሳይጠባ ቢቀር ወይም ጥቂት ጠብቶ ቢያንቀላፋ፣ ቤተሰቡ «ጡት እንቢ አለ» ብሎ ይደነግጣል፤ ከድንጋጤውም የተነሣ ቅቤ ሊያልሰው፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም የላም ወተት ሊያቀምሰው ይቸኩላል። ሕፃኑ ግን እንቢ አላለም፤ ሆዱና ጉሮሮው ገና ጊዜያቸውን እየጠበቁ ነው። በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በአካባቢያቸው የሚገኙ አጥቢያዎች ይህን ቢያውቁ ብዙ ሕፃናትን ከጉዳት ሊያድኑ ይችላሉ።

1. የጨጓራ ምት

ጨጓራ የራሱ ምት አለው። በግድግዳው ውስጥ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ምቱን ያስነሣሉ፤ በጤናማ አዋቂ ሰው ዘንድም በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ይመታል። የጨጓራ ጡንቻዎች ምቱን ተከትለው እየተኮማተሩ ምግቡን አልመው ወደ አንጀት ያወርዱታል። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ዘንድ ግን ይህ ሥርዓት ገና አልጸናም። የትንሹ አንጀት የተቀናጀ እንቅስቃሴም መታየት የሚጀምረው በ32ኛውና በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት መካከል ገደማ ነው። ስለዚህ ወተቱ በጨጓራ ውስጥ ይዘገያል፤ ከዐቅሙ በላይ ሲሰጠው ሆዱ ይነፋል፣ ያስመልሰዋል።

መጥባትም እንዲሁ ነው። ሕፃን ገና በማሕፀን ሳለ መዋጥን ይለማመዳል። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስተባብሮ ማስኬድ የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ በዚያው ከ32 እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት በግድ ቢያጠጡት ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ካህናት አባቶች ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ለማጥመቅ ቀኑን ከልደት ጀምረው ይቈጥራሉ። የሕፃኑ ሆድ ግን ከእርግዝናው መጀመሪያ ጀምሮ ይቈጥራል። በ30 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ከተወለደ 2 ሳምንት ቢሆነውም ለመጥባት ገና የ32 ሳምንት ሕፃን ነው።

2. እስኪደርስ ድረስ

ለዚህ ሕፃን ከእናቱ ወተት የተሻለ ምግብ የለም። የእናት ወተት ከዱቄት ወተት ይልቅ ከጨጓራ ፈጥኖ ይወርዳል፤ አንጀትንም ከከባድ ሕመም ይጠብቃል። የመጀመሪያው ወተት፣ እንገሩ፣ ሊጣል አይገባም። እናቲቱ በቀንና በሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ ወተቷን በእጇ ታልባለች፤ ባለሙያውም በቀጭን ቱቦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል፤ ሕፃኑ ሲጠነክር በንጹሕ ኩባያ ይሰጠዋል። ጡጦ አይመከርም።

ሕፃኑ ለመጥባት መድረሱ የሚታወቀው ሲነቃ፣ አፉን ከፍቶ ጡት ሲፈልግ፣ እጁን ወደ አፉ ሲወስድና አተነፋፈሱ የረጋ ሲሆን ነው። ሲጠባ ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ትንፋሹ ቢቋረጥ ወዲያው ማቆምና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቀፍ በኮሎምቢያ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረ የካንጋሮ እንክብካቤ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ አሳስቧል። ሕፃኑን ያሞቀዋል፤ መጥባትንም ያስለምደዋል። አባትም ሊያቅፈው ይችላል።

3. የእናቲቱ መቆየት

ይህ ሁሉ የሚሆነው እናቲቱ ከሕፃኑ አጠገብ ስትቆይ ነው። ምግብና ማረፊያ ያጣች እናት ግን ሕፃኑ ሳይጠነክር ይዛው ትወጣለች። እናትን በሐኪም አቅራቢያ ማቆየት ምን እንደሚጠቅም የጉራጌ ምድር ያውቃል። ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው በአጣጥ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 የወለዱ ከ24 ሺህ በላይ እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በእናቶች ማቆያ ቆይተው ከወለዱት ዘንድ ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከ1,000 ወደ 18 ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 191 ያህል ነበሩ። በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ መሆናቸው ባይዘነጋም፣ ቀድሞ መቅረብ ያለው ዋጋ ግልጽ ነው። ከወሊድ በኋላ መቆየትም እንደዚሁ ነው።

4. የአጥቢያ ድርሻ

ሰበካ ጉባኤው ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከጽዋ ማኅበራት ጋር ሆኖ ገንፎና አጥሚት የሚያደርስ፣ የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍን ተረኛ ይመድብ። ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ እንጂ ለሕፃኑ አፍ አይሁን። በጾም ወራት የወለደችውን እናት አራስ እንደማትጾም የንስሐ አባቷ ፈጥነው ይንገሯት፤ ወተቷ ከምግቧና ከዕረፍቷ ጋር የተያያዘ ነውና። ሕፃኑ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ሕመም ቢይዘውና ቤተሰቡ ስለ ጥምቀቱ ቢጨነቅ፣ ከሙቀት ክፍል አውጥቶ ከመውሰድ ይልቅ ካህኑ ወደ ሆስፒታሉ ይጠሩ። ጠበልም ቢሆን ባለሙያ ሳይጠየቅ በአፉ አይሰጥ።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አረንጓዴ ነገር ካስመለሰው፣ ሆዱ ከተወጠረ፣ ሰገራው ደም ከያዘ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ይጠባ የነበረው መጥባት ካቆመ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ለውይይት

ሀ. በአጥቢያችን ላለፈው አንድ ዓመት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ስንት ናቸው? እናቶቻቸውን የጠየቀ ማን ነበር?
ለ. ለአራስ ቤት የምናደርገውን ጥየቃ በሆስፒታል ላለች እናት እንዴት እናድርሰው?
ሐ. ለሕፃናት ቅቤ የማላስ ልማድን ለማስቀረት የሚሰሙ እናቶችና አያቶች እነማን ናቸው?