ሁለት ዓይነት የጡት ካንሰር በአንድ ጊዜ ሲገኝ፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ጡት፤ አንዳንዴም ሁለቱም በአንድ ጡት ውስጥ ተራርቀው። ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት የጡት ካንሰሮች በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኙበት አጋጣሚ አለ። ብዙ ጊዜ አይከሰትም። ሲከሰት ግን መጀመሪያ ከቤተሰብ አፍ የሚወጣው «በቃ፣ ተሰራጭቷል» የሚል ቃል ነው። ይህ ቃል ስንቷን ሴት ሳትታከም ተስፋ አስቆርጧል! ሁለቱ በሁለቱ ጡቶች ላይ ለየብቻ የተነሡ ከሆኑ ደረጃቸውም ለየብቻ ነው የሚወጣው። ሁለቱም ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ሊሆኑ፣ ለመዳን ታስቦም ሊታከሙ ይችላሉ።

ለቀዶ ሕክምና ወይም ለኬሞ ቀን ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ፦ ናሙና የተወሰደው ከሁለቱም ዕጢ ነው? የተወሰደውስ በየትኛው መርፌ? በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የቀጭን መርፌ ምርመራ ነው። ካንሰር መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፤ ዓይነቱን በደንብ ለመለየት ግን ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ መውሰድ ያስፈልጋል። ሲወሰድም ብልቃጦቹን በዓይንዎ ይዩ። ዕጢው ሁለት ከሆነ ብልቃጡም ሁለት መሆን አለበት፤ በእያንዳንዱ ላይ ሙሉ ስምዎ፣ «ቀኝ» ወይም «ግራ» የሚል ጽሑፍ፣ ዕጢዎቹ በአንድ ጡት ላይ ከሆኑም የእያንዳንዳቸው ቦታ ይጻፍበት። ናሙናው ከተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ እዚያም ከ72 ሰዓት በላይ ከቆየ ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ አንዳንዴ እንደሚሆነው ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚዎ ከሆነ፣ የትም ሳይቆም በቀጥታ ያድርሰው።

የፓቶሎጂ ውጤቱ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ዕጢ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፣ ኸር-ቱ (HER2) የተባለው ፕሮቲን። ኸር-ቱ 0 ወይም 1+ ከሆነ ነጌቲቭ፣ 3+ ከሆነ ፖዘቲቭ ይባላል። 2+ ከሆነ ግን ገና አልተለየም፤ ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። «የአንዱ ውጤት ይበቃል» ከተባሉ እሺ አይበሉ። የቀኙ ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ የግራው ደግሞ ሦስቱም የሌሉት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ቢያንስ ለ5 ዓመት በሚወሰድ የሆርሞን ክኒን፣ ለምሳሌ በታሞክሲፈን፣ ይታገዳል። ሁለተኛውን ታሞክሲፈን አይነካውም፤ ኬሞ ይፈልጋል። በአንድ ውጤት ብቻ የወጣ ዕቅድ አንዱን ካንሰር ሳይታከም ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ከሁለቱ ኃይለኛው ነው፤ ክኒኑ ከኬሞ በኋላ ይከተላል።

አንዱ ዕጢ ኸር-ቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ትራስቱዙማብ የተባለው መድኃኒት ይነሣል። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላለ ካንሰር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ይሰጣል። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትም በመሐሉም የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባውም ለቤተሰብ ኪስ ከባድ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ሙሉው ምን ያህል እንደሚያስወጣና እስከ መጨረሻው ይገኝ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ።

ሁለት ካንሰር ተገኘ ማለት ሁለቱም ጡት ይቆረጣል ማለት አይደለም። ዕጢው ትንሽ ሲሆን እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም ይቻላል፤ ለ20 ዓመት የተከታተሉ ጥናቶች በዚህ መንገድ የታከሙ ሴቶች ዕድሜ ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከተነሣላቸው እንደማያንስ አሳይተዋል። ይህ የሚሠራው ግን ጨረሩ በጊዜው ከተገኘ ነው። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በኋላ ጅማና ሐረር ተጨምረዋል። በእኔ እምነት የጨረር ወረፋዎ መቼ እንደሚደርስ ሳያውቁ ጡትን ለማቆየት መወሰን የለብዎትም። ወረፋው የማይደርስ ከሆነ ጡቱን ማንሣት የተሻለው ምርጫ ሊሆን ይችላል።

የሁለቱም ብብት ንፍፊቶች ለየብቻ ይታያሉ። ከሁለቱም በኩል ከተነሡ ደም ግፊት የሚለካውና መርፌ የሚወጋው በየትኛው ክንድ እንደሆነ አስቀድመው ይነጋገሩ። ታሞክሲፈን እየወሰዱ ማርገዝ አይገባም፤ መከላከያውም ሆርሞን የሌለበት ይሁን። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ክኒንዎን ይዘው ይሂዱ፤ አያቋርጡ።

በሁለቱም ጡት ላይ ካንሰር መገኘቱ፣ በተለይ በወጣትነት ከሆነ፣ የዘር ውርስ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማል። ለምሳሌ ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ያሉ ለውጦች በእናት ብቻ ሳይሆን በአባትም ወገን ይወረሳሉ። የቤተሰብ ታሪክ ሲጠየቁ የአባትዎን እህቶች አይርሱ። ውርሱ እህትዎንም ሊነካ ስለሚችል አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትኖር እህት ካለችዎ የእርስዎን የፓቶሎጂ ውጤት ቅጂ ይላኩላት፤ እዚያ ለሐኪሟ ታሳየው።