የግልና የፕሮጀክት ቅንብር በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ

የፕሮግራም መጻፊያን ቅንብር እንደ ፍላጎት ማስተካከል ብዙውን ጊዜ የምቾት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁንና ከቅንብሮቹ ከፊሎቹ ከማያ ገጹ አልፈው ፋይሉን ራሱን ይነካሉ። ይህ ጽሑፍ በቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ሁለቱ ዓይነቶች የት መቀመጥ እንዳለባቸው ያመለክታል።

ሶፍትዌሩ ቅንብሮችን በጄሰን ፋይል ይመዘግባል። የተጠቃሚ ቅንብር ለሚከፈቱት ፕሮጀክቶች ሁሉ ያገለግላል፤ የፕሮጀክት ቅንብር ግን በፕሮጀክቱ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለቱ ሲጋጩ የኋለኛው ይጸናል።

የፎንት መጠንና የቀለም ገጽታ የሚነኩት ተመልካቹን ብቻ ነው። የመስመር መግቢያ ክፍተትና ኢንኮዲንግ ግን ከዚህ ይለያሉ። በፓይተን የመግቢያው ክፍተት የቋንቋው ሰዋስው አካል ነው፤ አንዱ የቡድን አባል በታብ፣ ሌላው በስፔስ ጽፈው ወጥነት የጎደለው ድብልቅ ሲፈጠር ፓይተን 3 ፕሮግራሙን አያስኬድም። የኢንኮዲንግ ጉዳት ከዚህ ይከፋል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ፋይሉ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚያነብ የላቲን ኢንኮዲንግ ሲከፈት አማርኛው ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል። ተጠቃሚው ይህን ሳያስተውል መልሶ በዩቲኤፍ-8 ቢያስቀምጠው ብልሽቱ በፋይሉ ላይ ይጻፋል።

ስለዚህ የዓይን ምርጫ በተጠቃሚ ቅንብር፣ የፋይሉን ይዘት የሚነካው በፕሮጀክት ቅንብር ቢቀመጥና ከኮዱ ጋር በጊት ቢመዘገብ አባላቱ ሁሉ አንድ ደንብ ይኖራቸዋል። ቅንብር ቀድሞ የተጻፈውን መስመር በራሱ ስለማያርም ውሳኔው ከመጀመሪያው የኮድ መስመር መቅደም ይኖርበታል።