ቁስል ሲያዥ ምን እናድርግ?

ቁስል ለማሳጠብ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁን «ቁስሌ ለምን አይደርቅም?» ብለው ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው ቁስል ፀሐይና ንፋስ ካላገኘ አይድንም እየተባልን ነው። ስለዚህ ፋሻው ረጥቦ ስናይ እንደነግጣለን፤ ፈትተንም ቁስሉን ለካኩማ አቧራና ዝንብ እንሰጠዋለን።

እዥ ምንድን ነው?

ሰውነት ሲቆስል በአካባቢው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽም ማሳለፍ ይጀምራሉ። ውሃ፣ ፕሮቲንና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይወጣሉ። እዥ የምንለው ይህንኑ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ጀርም ይዋጋሉ፤ እርጥበቱም አዲሱ ቆዳ ከቁስሉ ጠርዝ ወደ መሃል እንዲያድግ ይረዳል። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው የአሳማ ጥናት፣ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል በአየር ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠራ ወይም ፈዛዛ ቢጫ እዥ፣ አንዳንዴም ትንሽ ደም የቀላቀለ፣ ቢታይ አያሳስብም። ከቀን ወደ ቀን ግን መቀነስ አለበት።

መግል ሌላ ነው። ፈሳሹ ከወፈረ፣ አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከሸተተ፣ ቀንሶ የነበረው እንደገና ከጨመረ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ትኩሳት ከመጣ ቁስሉ ሳያመረቅዝ አይቀርምና በዚያው ቀን ይምጡ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ ዙሪያውን በእጅ ጀርባ ዳስሰው ሙቀቱን ከሌላው ወገን ጋር ያወዳድሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ከቆሰለ ግን ምልክት አይጠብቅ።

ፋሻውን መቼ እንቀይር?

እዥ ሲበዛ ጤነኛውን ቆዳ ይጎዳል። ልብስ ሲያጥብ እንደዋለ እጅ ነጥቶ ይጨማደዳል፣ ይላጣል፣ ቁስሉም ይሰፋል። በዙሪያው ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ፋሻው ከውጭ ረጥቦ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያስቀይሩ፤ እርጥበቱ በወጣበት መንገድ ጀርም ይገባል። በረጠበው ላይ ሌላ መደረብ ፋሻ ማባከን ነው።

ጎዙ ደርቆ ከተጣበቀ ደግሞ በኃይል አይላጥ፤ አዲሱ ሥጋ አብሮ ይነሣል። እጅዎን በሳሙና ታጥበው፣ በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙና አርሰውት ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

የእግር ቁስል ለብቻው መነገር አለበት። እግር ተንጠልጥሎ ሲውል ያብጣል፤ ያ ውሃ በቁስሉ በኩል ይወጣል። ቡና የምታፈላ አንዲት እናት ሁለት ወር ሙሉ ቅባት ስትገዛ ከርማ ነበር፤ ፋሻዋ በቀን ሦስት ጊዜ ይረጥባል። ችግሩ ቀኑን ሙሉ መቆሟ ነበር። ልጇ ውሃውንና ከሰሉን ሲያቀርብላት፣ እሷም ቁጭ ብላ እግሯን በጀሪካን ላይ ስታሳርፍ፣ ማታም ከልቧ ከፍ አድርጋ ስትተኛ እዡ እየቀነሰ ሄደ። እግርን በፋሻ አጥብቆ ማሰር ግን የደም ዝውውሩ ሳይመረመር በቤት አይሞከር።

የአምፒሲሊን ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ ዛሬም አለ። ዱቄቱ ከእዡ ጋር ተጋግሮ ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥሩ መግል ይቋጥራል፤ ጀርሙም መድኃኒቱን ይለምዳል። አመድና እበት ደግሞ ቴታነስ ሊያመጡ ይችላሉ።

ምግብም አይረሳ፤ ብዙ በሚያዥ ቁስል ብዙ ፕሮቲን ይወጣል። የራሽኑን ክክ ሸጦ ስኳር የሚገዛ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ይገባኛል። ቁስለኛ ባለበት ቤት ግን ክኩ ለእሱ ይቅር።

ቤት ውስጥ የፈታችሁትን ጎዝ አትጣሉት፤ በላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡልን። የእዡን ቀለምና መጠን ከእሱ እናያለን።