ቅባትና ጨው የቀነሰ የሽሮ ወጥ ለቤተ ሰብ እራት



ማታ ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ምድጃ ላይ የሚንተከተክ ሽሮን የሚያህል ምን አለ? ሽሮ ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ስለሚዘጋጅ ሰውነትን የሚገነባ ደኅና ምግብ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ከሽሮው ሳይሆን ከመጠን በላይ ከሚገባበት ቅባትና ጨው ነው።

ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማውም፤ «እኔ ደኅና ነኝ» እያለ ሲሠራ ይከርምና አንድ ቀን ግማሽ አካሉ ሽባ ሊሆን፣ ልቡ ወይም ኩላሊቱ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው በቀን ከሚበላው ምግብ ሁሉ የሚያገኘው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለት ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ ማነስ አለበት።

ቅባትም ለሰውነት ያስፈልጋል። ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ኃይል አለው፤ ያልተሠራበት ኃይል ስብ ሆኖ ይጠራቀማል። ቅቤና የሚረጋ ዘይት ሲበዙ ደግሞ የደም ሥርን የሚያጠብ ስብ በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋሉ።

አሠራሩ (ለ6 ሰው)

የሚያስፈልገው፦ 2 የሻይ ብርጭቆ ሽሮ፣ 4 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ 7 ብርጭቆ ያህል ንጹሕ ውሃ።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ድስቱ፣ ማማሰያውና ቢላዋው ንጹሕ ይሁኑ።

2. ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና ያለ ዘይት በለዘብተኛ እሳት አቁላሉ። ሊያርር ሲል ውሃ ጠብ አድርጉበት። ዶሮ ወጥ የሚሠሩ ባለሙያ እናቶች ይህን ዘዴ ድሮም ያውቁታል። ሽንኩርቱ በደንብ ሲበስል ጣፋጭነቱ ስለሚወጣ ወጡ ብዙ ቅባት አይፈልግም።

3. በርበሬውንና ዘይቱን ጨምራችሁ አቁላሉ። ዘይቱን በማንኪያ ለኩ እንጂ ከጠርሙሱ በቀጥታ አታንቆርቁሩ።

4. ውሃውን ጨምሩ፤ ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሳችሁ እንዳይጓጉል አማስሉት። ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ ጥሬ ጥሬ መሽተቱን እስኪተው ይንተክተክ።

5. ጨው ሳትጨምሩ ቅመሱ፤ በርበሬው ወይም ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ይሆናልና። ከጎደለ ለድስቱ ሁሉ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ጨዉ እንቅርትን የሚከላከል አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ሊወጣ ሲል ይጨመር፣ ዕቃውም ተከድኖ ይቀመጥ።

ከወጡ ጋራ በንጹሕ ውሃ የታጠበ የተቀቀለ ጎመን ቢቀርብ እጅግ መልካም ነው።

አባወራው «ዛሬስ ወጡ ጨው የለውም» ቢል አትደንግጡ። ጨዉን በአንድ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። የጨው ዕቃም ከመሶቡ አጠገብ አይቀመጥ።

ማስጠንቀቂያ

ይህ የቅባት ቅነሳ ለትልልቅ ሰዎች ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ ይጥባ። ከዚያ እስከ 2 ዓመት ሆዱ ትንሽ፣ እድገቱ ግን ፈጣን ስለሆነ ቅባት አይከልከል። በትንሽ ድስት በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮ ሥሩለትና በድርሻው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ጨምሩ። የከሳ ልጅ፣ የከሳች ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ እናትም ቅባት አይቀነስባቸው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጨው ቀነስኩ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቁም።

ጥያቄዎች

1. ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት ምን ይጠቅማል?
2. ጨው ከመጨመር በፊት ወጡን መቅመስ ለምን ያስፈልጋል?
3. በቤታችሁ ቅባት ሊቀነስባቸው የማይገባ እነማን ናቸው?