ቅዱስ ሥዕልን መቅዳት፦ ከሮም ሥዕል የተገኘ ትምህርት



በጭሮም ሆነ በመሰላ፣ በሂርናም ሆነ በገለምሶ፣ ለቤተሰቡ ጸሎት ወይም ለትምህርት ክፍል የሚሆን ጥንታዊ ሥዕል ከመጽሐፍ ላይ አይቶ በቅባት ቀለም ሊቀዳ የሚመኝ ወጣት ሊኖር ይችላል። የሌላውን ሥራ መቅዳት ተገቢ ነውን? ቅጂውስ ለጸሎት ይበቃልን? መልሱን ከአገራችን ታሪክ እንፈልግ።

በሮም በቅድስት ማርያም ማጆሬ ባዚሊካ «የሮማ ሕዝብ ደኅንነት» የተባለ የእመቤታችን ሥዕል ይገኛል፤ ትውፊት የቅዱስ ሉቃስ ሥራ ነው ይላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከሐዋርያዊ ጉዞ በፊትና በኋላ በፊቱ ይጸልዩ ነበር፤ በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ሲያርፉም በዚያው ባዚሊካ ተቀብረዋል። በ1569 እ.ኤ.አ. የኢየሱሳውያን አለቃ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቦርጂያ ከቅዱስ ፒዮስ 5ኛ ፈቃድ አግኝቶ ሥዕሉን አስቀዳ። ቅጂዎቹም ወደ ሚስዮን አገሮች ተላኩ፤ አርአያው ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ።

የአገራችን ሠዓልያን የተሻገሩትን የእመቤታችንን እጆች፣ የያዘችውን መሐረብ፣ የሕፃኑን መጽሐፍና የሚባርከውን እጁን በታማኝነት ጠበቁ። ፊቱንና ልብሱን ግን በራሳቸው አሣሣል ሠሩ፤ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልንም በግራና በቀኝ አቆሙ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1632 እ.ኤ.አ. ከነገሡ በኋላ ኢየሱሳውያን ከአገር ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን አልተባረረም። በጎንደር ዘመን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት እየተሣለ ቀጠለ። በሃይማኖት ክርክር ደም የተቃቡ ወገኖች ለአንዲት እናት ሥዕል አክብሮት ሰጡ። ይህ ዛሬም ከጎረቤቶቻችን ጋር ለምንኖር ለእኛ ታላቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ በ787 እ.ኤ.አ. እንዳስተማረው፣ ለሥዕል የምንሰጠው ክብር የሚያርፈው በእንጨቱና በቀለሙ ላይ ሳይሆን በሥዕሉ በተወከለው አካል ላይ ነው። ስለዚህ ትሑት ቅጂም ለጸሎት ይበቃል።

ሆኖም ቀጂው እውነተኛ ይሁን። በፓሪስ የሉቭር ቤተ መዘክር ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠዓልያን እንዲቀዱ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የቅጂው መጠን ከዋናው የተለየ እንዲሆን፣ የቀደመው ሠዓሊ ፊርማም እንዳይገለበጥ ያዛል። እኛም በሸራው ጀርባ ከየትኛው ሥዕል እንደ ቀዳን፣ ስማችንንና ዓመተ ምሕረቱን እንጻፍ። ቅጂን ዋናው ነው ብሎ መሸጥ ሐሰትና ስርቆት ነው።

በአሠራሩም ትዕግሥት ያስፈልጋል። የታተመውን ሥዕልና ሸራውን በእኩል ቁጥር አራት ማዕዘኖች ከፍሎ ንድፉን ማስተላለፍ ይቀድማል። የቅባት ቀለም የሚዋሐደው በተልባ ዘይት ነው፤ ዘይቱ እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ስለዚህ የታችኛው ንብር ዘይት ያነሰው፣ የላይኛው ደግሞ ዘይት የበዛበት ይሁን፤ አለዚያ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ቀለሙ እስኪደርቅ በሚጠበቅባቸው ቀናት የተሣለውን ምሥጢር ማሰላሰል ይቻላል።

ለውይይት፦
1. አባቶቻችን ከሮም ሥዕል ምኑን ጠበቁ? ምኑን ለወጡ? ስለ ምን?
2. ሥዕልን በማክበርና በማምለክ መካከል ያለውን ልዩነት ለሕፃናት እንዴት እናስረዳለን?
3. በቁምስናችን ካሉት ሥዕሎች የትኛውን ቀድተን ለታመመ ወይም ለብቸኛ ሰው ልንሰጥ እንችላለን?