የዕድሜ ማስረጃና የወጣት ጥፋተኞች የሕግ ውክልና፡ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ሁኔታ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(5) የተከሰሱ ሰዎች ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣታቸው ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 174 ለወጣት ጥፋተኛ ጠበቃ እንዲመደብ የሚያስገድደው በሁለት ሁኔታዎች ነው፦ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ሳይቀርብለት ሲቀር፣ ወይም የተከሰሰበት ወንጀል ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ሲሆን። ይሁን እንጂ የጠበቃ መመደብ ብቻውን ውክልናውን ውጤታማ አያደርገውም። የዕድሜ ማስረጃ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አይሆንም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው እንደ ጥብቅ ክትትልና ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ ያሉ ልዩ እርምጃዎች ይወሰኑበታል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ልዩነት የጉዳዩን አቅጣጫ በሙሉ ይለውጣል።

አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት ገጠር ቀበሌዎች የተወለደ ልጅ በአብዛኛው የልደት ምስክር ወረቀት የለውም። የአጥንት ምርመራም የሚሰጠው ግምት ነው። ሆኖም ማስረጃ ፈጽሞ አይጠፋም። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ እናትና የክርስትና አባት የልደቱን ወቅት ከበዓላት ጋር አያይዘው ሊመሰክሩ ይችላሉ። የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድም ይረዳሉ።

ይህን ማስረጃ ማሰባሰብ ጊዜ ይጠይቃል። ደንበኛውን በችሎት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ተከላካይ ጠበቃ የቅጣት ማቅለያ ከመጠየቅ ያለፈ ዕድል አይኖረውም። አንቀጽ 174 ደግሞ ቀላል በሆነ ክስ የአባትን መቅረብ በቂ አድርጎ ይወስዳል። አባት ልጁ መቼ እንደተወለደ ያውቃል፤ ያ ዕውቀቱ የክሱን ውጤት እንደሚወስን ግን ላያውቅ ይችላል።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 24 የወንጀል ክስ ለቀረበባቸው ሕፃናት ሁሉ ነፃና ውጤታማ የሕግ ውክልና እንዲሰጥ መክሯል። ይህን ለመተግበር ፍርድ ቤቶች የእምነት ክህደት ቃል ከመቀበላቸው በፊት ጠበቃው ከልጁና ከቤተሰቡ ጋር መነጋገሩንና የዕድሜ ማስረጃ መፈለጉን በመዝገብ ላይ ሊያረጋግጡ ይገባል።